ሲድኒ ሪንገርና ከቧንቧ የተቀዳው ውኃ

በአገራችን ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በየዕለቱ ስማቸው ከሚነሣ የውጭ አገር ሰዎች መካከል እንደ ሪንገር አዘውትሮ የሚጠራ ያለ አይመስለኝም። ወላድ ደም ሲፈሳት፣ ሕፃን በተቅማጥ ሰውነቱ ሲደርቅ፣ አደጋ የደረሰበት ሰው ከመኪና ሲወርድ፣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታዘዘው በላስቲክ ከረጢት ተሰቅሎ በቀጭን ቱቦ ወደ ደም ሥር የሚንጠባጠበው ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፤ ነርሶቹም በአጭሩ ሪንገር ይሉታል። ፈሳሹን የሚያውቀው ሕዝብ እጅግ ብዙ ሲሆን፣ ስሙ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ የሳይንስ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ድልድይ ያልሠራ፣ ሞተር ያልፈጠረ፣ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሐኪም መምረጤ አንዳንድ ባልደረቦቼን ሳያስገርም አይቀርም። ስለዚህ ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር።

ሙያዬ የሕክምና መሣሪያዎችን መጠገንና መቈጣጠር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ ከማያስፈልገኝ አንድ ሆስፒታል በሌሊት ተጠራሁ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንድ አባት ደረታቸው ውስጥ የተቀበረላቸው ፔስሜከር፣ ማለትም ልብ ምቱ ሲዘገይ በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰው መሣሪያ፣ ተበላሽቷል ተብሎ ነበር። የልባቸው ምት በደቂቃ ወደ ሠላሳ ወርዷል። በኤሌክትሮካርዲዮግራሙ ወረቀት ላይ መሣሪያው የሚልከው ቅጽበታዊ ኤሌክትሪክ እንደ ቀጭን ምስማር ጊዜውን ጠብቆ ተሰልፎ ይታያል፤ ከእያንዳንዱ ምስማር በኋላ ሊከተል የሚገባው የልብ መኮማተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ከሐኪሙ ጋር ሆነን መሣሪያውን በማንበቢያው ኮምፒውተር መረመርነው። ባትሪው ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ነው። የሽቦው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 520 ኦም፣ ማለትም ደኅና ነው። ኤሌክትሪኩ በታዘዘው ቮልትና በታዘዘው ጊዜ ይወጣል። ቮልቱን እስከ 5 ብናደርሰው እንኳ ልቡ ከብዙው ጥቂቱን ብቻ ተቀበለ። እኔም ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ ስላልታየኝ፣ የሽቦው ጫፍ ከልብ ግድግዳ ተላቆ ይሆናል የሚል አስተያየት ሰጠሁ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል እንዲዘጋጅ ተነገረ።

የዚያን ሌሊት ፍጻሜ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ያንን አስተያየት ከመስጠቴ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ስሕተቴን ሊያርመኝ ይችል የነበረውን ሰው ላስተዋውቅ።

ሲድኒ ሪንገር በምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው በኖሪች ከተማ በ1830ዎቹ አጋማሽ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ ከእንግሊዝ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ ከነበሩት ማኅበረ ምእመናን ወገን ነበሩ። አባቱ የሞተው እሱ ገና ልጅ ሳለ ነው። ወንድሞቹ ሀብት ፍለጋ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተሻገሩ፤ ከእነሱም አንዱ፣ ታናሹ ፍሬድሪክ፣ በጃፓን በናጋሳኪ ወደብ ትልቅ የንግድ ድርጅት አቋቁሞ ስመ ጥር ሆነ። ዛሬ በጃፓን የሪንገር ስም በአንድ የታወቀ የምግብ ቤቶች ድርጅት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚታየው በዚህ ወንድም መታሰቢያነት ነው። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ የአንዱ ስም በሾርባ፣ የሌላው ስም በጨው ውኃ ሲታወስ መኖሩ ያስደንቃል።

ሲድኒ በ1854 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። ይህ ኮሌጅ የተማሪውን ሃይማኖት ሳይጠይቅ በመቀበል የታወቀ ስለ ነበር፣ ከእሱ ቤተሰብ ወገን ለሆነ ወጣት የተመቸ ነበር። በ1860 ተመረቀ፤ በ1863 የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታው ድረስ ከዚያው ኮሌጅና ከዚያው ሆስፒታል አልተለየም። በሕሙማን አልጋ አጠገብ በማስተማር የተመሰገነ፣ ሰዓት በማክበር የታወቀ ሐኪም ነበር። በ1865 በሳንባ ነቀርሳ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የሰውነትን ሙቀት በቴርሞሜትር እየለኩ በሽታን የመለየትን ጥቅም አስረዳ። ቴርሞሜትር በሐኪም ኪስ ውስጥ እንዳሁኑ ተራ ዕቃ ባልነበረበት ዘመን፣ በእጅ ከመዳሰስ ይልቅ በቍጥር መናገርን የመረጠ ሰው እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። በ1869 ያሳተመው የመድኃኒቶች አጠቃቀም መጽሐፍ ደግሞ አሥራ ሦስት ጊዜ እየተሻሻለ ታትሟል። ይኸ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዘመኑ ተከብሮ በኋላ ከተረሱት መልካም ሐኪሞች አንዱ በሆነ ነበር።

ባለቤቱ አን ዳርሊ የዮርክሺር አገር ሰው ስትሆን፣ ላስቲንግሃም ከምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። ከልጆቻቸው አንዷ በ1875 በሰባት ዓመቷ ሞተች። ባልና ሚስቱ ለመታሰቢያዋ በላስቲንግሃም የሚገኘውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በገንዘባቸው አሳደሱ፤ ሥራውን ፒርሰን የሚባለው ታዋቂ የሕንፃ ባለሙያ በ1879 ፈጸመው። ከባልደረቦቻችን መካከል ወደዚያ የሚደርስ ቢኖር የድንጋዩን ጣሪያ ቀና ብሎ ይመልከት።

ሪንገር ልጁን ባጣባቸው ዓመታት አካባቢ ጀምሮ፣ ከሆስፒታሉ ሥራና ከግል ሕሙማኑ የሚተርፈውን ጊዜ ሁሉ በኮሌጁ የፊዚዮሎጂ ላቦራቶሪ ያሳልፍ ነበር። በዚህ ሙያ የተለየ ሥልጠና አልነበረውም፤ በዙሪያው የሰበሰባቸው ብዙ ደቀ መዛሙርትም አልነበሩትም። ከሕሙማን ቤት ወጥቶ ይመጣል፣ ያየዋል፣ ይጽፋል፣ ሕሙማኑ ወዳሉበት ይመለሳል። በዚህ ዓይነት በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ በፊዚዮሎጂ መጽሔት ከ30 በላይ ጽሑፎች አወጣ።

የሙከራው ዘዴ ቀላል ነበር። የእንቍራሪት ልብ ከሰውነት ከወጣ በኋላም ተስማሚ ፈሳሽ ካገኘ ለብዙ ሰዓት መምታቱን ይቀጥላል። ሪንገር የልቡን የታችኛውን ክፍል ከቱቦ ጋር አያይዞ፣ የተለያየ ፈሳሽ እያሳለፈበት፣ የመኮማተሩን ኀይል በመሣሪያ እየቀረጸ ያነጻጽር ነበር። ጥያቄው፣ በደም ውስጥ ካሉት ነገሮች ልብን የሚያስመታው የትኛው ነው የሚል ነው። መሐንዲስ ይህን ሲሰማ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ከውስብስቡ ሥርዓት አንዱን ክፍል ነቅሎ ማውጣት፣ የሚገባበትን ነገር አንድ በአንድ መለዋወጥ፣ የሚወጣውን መለካት።

በ1882 ባወጣው ጽሑፍ፣ በ0.75 በመቶ የገበታ ጨው ውኃ ላይ ጥቂት የፖታሲየም ጨው ሲጨመርበት ልቡ በደኅና እንደሚመታ አስታወቀ። ውጤቱ ግልጽ፣ ሥራውም ያለቀ ይመስል ነበር።

ይሁን እንጂ ሙከራውን ሲደጋግም ያንኑ ውጤት ማግኘት ተሳነው። ልቡ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ በሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ይቆማል። ሪንገር ምክንያቱን ሲመረምር ያገኘው ነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተጠቀመበት የጨው ውኃ፣ እሱ እንደ ገመተው በእንፋሎት ተነጥሮ በተጣራ ውኃ የተዘጋጀ አልነበረም። በኋላ ዘመን ሲነገር የኖረው ታሪክ እንደሚለው፣ የላቦራቶሪው ረዳት የማጣራቱ ድካም ከንቱ መስሎ ስለ ታየው ማሰሮውን ከቧንቧ ቀድቶ ይሞላው ነበር።

በዚህ ቦታ ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ቆም ብለን ራሳችንን በሰውየው ቦታ ብናስቀምጥ መልካም ነው። ስሙ የታወቀ የሆስፒታል ሐኪም ነው። በጽሑፍ ያወጣው ውጤት ስሕተት እንዳለበት ከላቦራቶሪው ውጭ የሚያውቅ ሰው የለም። ዝም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም፤ ወይም ስሕተቱን በድሀው ረዳት ላይ ሊጭን ይችል ነበር። እሱ ግን በ1883 ባወጣው ጽሑፍ ገና በመግቢያው፣ ቀደም ብሎ የተጠቀመበት ፈሳሽ የኒው ሪቨር የውኃ ኩባንያ ከሚያቀርበው የቧንቧ ውኃ የተዘጋጀ እንደ ነበር፣ በዚህም የተነሣ የውኃውን ሥራ ለጨው ሰጥቶ እንደ ነበር በግልጽ አስታወቀ። የማን እጅ ውኃውን እንደ ቀዳ አልጻፈም። በሥራዬ ብዙ የብልሽት ሪፖርት አንብቤአለሁ፤ ጥፋተኛውን ሳይሆን ምክንያቱን ብቻ የሚናገር ሪፖርት ግን ከጥቂት በቀር አላጋጠመኝም።

ሪንገር በዚህ አላበቃም። የቧንቧውን ውኃ ቅንብር አየ። በሚሊዮን እጅ ውስጥ 38 ያህል ካልሲየም አለበት። በተጣራው ውኃ ውስጥ የጠፋው ይህ ነው ማለት ነው። ካልሲየሙን በልክ ቢጨምር የቆመው ልብ እንደገና ይመታ ጀመር።

ስለዚያ ውኃ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለማኅበራችን የውኃ መሐንዲሶች የማላደላ ይሆናል። ኒው ሪቨር የተባለው ወንዝ ስሙ ይሁን እንጂ ወንዝ አይደለም፤ በ1613 የተመረቀ፣ ሰር ሂው ሚደልተን ያስፈጸመው፣ ከሃርትፎርድሺር ምንጮች ለለንደን ውኃ የሚያመጣ ሰው ሠራሽ ቦይ ነው። ርዝመቱ ከ60 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ፣ ከምንጩ እስከ መድረሻው ያለው ቍልቍለት ግን ስድስት ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ቴዎዶላይት እንደ ዛሬው ባልተስፋፋበት ዘመን ይህን ልክ ጠብቆ መሬት መቈፈር ቀላል ሥራ አይደለም። ምንጮቹም የሚፈልቁት ከጠመኔ ድንጋይ ውስጥ ስለሆነ ውኃው ካልሲየም እየሟሟበት ይመጣል። እንግዲህ የሪንገርን እንቍራሪቶች ልብ ያስመታው ካልሲየም፣ 270 ዓመት አስቀድሞ በተቈፈረ ቦይ የመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግኝት ከሁሉ ይበልጣል። ሪንገር ካልሲየምን ብቻውን ሲሰጥ ልቡ ተኮማትሮ ለመፍታት እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄደ። ፖታሲየም ሲበዛበት ደግሞ ልቡ ተዘርግቶ፣ ለስልሶ ቀረ። ሁለቱን በተገቢው መጠን ሲያቀላቅላቸው ልቡ እየተኮማተረና እየተፈታ ለሰዓታት መታ። ስለዚህ ልብን የሚያስመታው አንድ የተለየ ንጥረ ነገር ሳይሆን፣ በጥቂቱ የሚገኙ ተቃራኒ ጨዎች መመጣጠን ነው። ኤሌክትሮላይት የምንላቸው፣ በውኃ ሟሙተው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት እነዚህ ጨዎች፣ በሰው ደም ውስጥ መጠናቸው በጣም ጠባብ በሆነ ወሰን ይጠበቃል። ፖታሲየም በአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ድረስ ነው።

ዓለም ለዚህ ግኝት ብዙ ጭብጨባ አልቸረውም። በ1885 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በኮሌጁም በክሊኒካዊ ሕክምና ፕሮፌሰርነት እስከ 1900 አገለገለ። በአልጋ ዳር የሚያያቸው ሕሙማን ከላቦራቶሪው ፈሳሽ ያገኙት ጥቅም አልነበረም፤ ፈሳሹ ለእንቍራሪት ልብ እንጂ ለሰው ደም ሥር ተብሎ አልተዘጋጀም። የአሜሪካው የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን በሴንት ሉዊስ በ1932 ላክቴት የሚባል ንጥረ ነገር ጨምሮበት የታመሙ ሕፃናትን እስኪያክምበት ድረስ ብዙ ዓመት ማለፍ ነበረበት። ዛሬ በየክፍሉ ተሰቅሎ የምናየው ይህ የሁለቱ ሰዎች ሥራ ነው።

ሚስቱ በ1899 ሞተችበት። ሪንገር በማግሥቱ ዓመት ሥራውን ለቅቆ ወደ ላስቲንግሃም ሄደ፤ በጥቅምት 14 ቀን 1910 በአንጎል ደም መፍሰስ ዐረፈና በዚያው ተቀበረ። የሞቱ ምክንያት የጨው ጉዳይ አለመሆኑን መናገር አያስፈልግም።

ወደ እኛ ሙያ የሚያደርሰው መንገድ የተከፈተው በሪንገር ዕድሜ መጨረሻ ገደማ ነው። ጀርመናዊው ቫልተር ኔርንስት በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ የአንድ ጨው መጠን በሽፋን ግራና ቀኝ ሲለያይ ምን ያህል ቮልት እንደሚፈጠር የሚያሰላውን ቀመር አወጣ። የልብ ሕዋስ በውስጡ በሊትር 150 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም ይዟል፤ በውጭ ያለው 4 ያህል ነው። በሰውነት ሙቀት ይህ ልዩነት በሒሳብ 97 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣል፤ የሕዋሱ ውስጥ ከውጭው አንጻር ኔጋቲቭ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ትንሽ ባትሪ መሆኑ ነው። አሁን በውጭ ያለው ፖታሲየም ከ4 ወደ 8 ይውጣ እንበል። ቀመሩን ደግመን ብናሰላ ባትሪው ወደ 78 ሚሊቮልት ወርዶ እናገኘዋለን። በደም ውስጥ የተለወጠው ነገር በአንድ ሊትር 4 ሚሊሞል፣ በክብደት ከ160 ሚሊግራም የማይበልጥ ፖታሲየም ነው። የባትሪው አንድ አምስተኛ ግን ሄደ።

ይህ ለምን ልብን እንደሚያደነዝዝ ስዊሳዊው ሲልቪዮ ቫይድማን በ1955 በልብ የማስተላለፊያ ቃጫዎች ላይ አሳይቷል። ሕዋስ የሚቀሰቀሰው በሽፋኑ ላይ ያሉ የሶዲየም በሮች በድንገት ሲከፈቱ ነው። የሽፋኑ ቮልት ቀስ ብሎ ከወረደ ግን ከበሮቹ ብዙዎቹ ሳይከፈቱ ይቈለፋሉ። በመጠኑ የጨመረ ፖታሲየም ሕዋሱን ወደ መቀስቀሻው ወሰን ስለሚያቀርበው መጀመሪያ ላይ ልብን ይበልጥ ነቃ ያደርገዋል፤ መጨመሩ ሲቀጥል በሮቹ እየተቈለፉ ይሄዱና ኤሌክትሪኩ በልብ ጡንቻ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ይዘገያል፤ ቀጥሎም ሕዋሱን ለመቀስቀስ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ከፍ ይላል።

ፔስሜከር በሰው አካል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበረው በጥቅምት 1958 በስቶክሆልም ሲሆን፣ የሠራው መሐንዲሱ ሩኔ ኤልምክቪስት፣ የቀበረው ቀዶ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ ነበር። ያ የመጀመሪያው መሣሪያ ለሰዓታት ብቻ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ባትሪው፣ ሽቦው፣ መዝጊያው፣ ሁሉም እጅግ ተሻሽሏል፤ የወረዳውን አንድ ክፍል ግን ማንም ፋብሪካ አይሠራውም። ኤሌክትሪኩ ከሽቦው ጫፍ ወጥቶ በደምና በጡንቻ አልፎ ይመለሳል፤ ዕቃው እስከ ሽቦው ጫፍ የእኛ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሪንገር ነው። ሐኪሙ መሣሪያውን ሲያስተካክል፣ ልብን የሚያስነሣውን ዝቅተኛ ቮልት ይለካና ብዙውን ጊዜ እጥፉን ያዝዛል። የደኅንነት ኅዳግ ማለት ይኸው ነው። ኅዳጉ የተሰላው ግን ደሙ በዚያን ቀን በነበረበት ሁኔታ ነው። በበጋ በመረሬ አፈር ላይ የተጣለ መሠረት ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ባልደረቦቼ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻችሁም። ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ማስነሻውን ራሳቸው እየለኩ ያስተካክላሉ፤ ብዙዎቹ ግን የሚለኩት በቀን አንድ ጊዜ ያህል ሲሆን፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየም በሰዓታት ውስጥ ሊወጣ ይችላል።

የሚታየው የብልሽት ምልክትም አሳሳች ነው። ፖታሲየም ከ7 ሲያልፍ መጀመሪያ በኤሌክትሪኩና በልብ መልስ መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ የመልሱም ንድፍ እየሰፋ ይሄዳል። በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል ሽቦ ያላቸው መሣሪያዎች ላይ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚደነዝዘው የላይኛው ነው። ከልብ የሚመጣው ምልክት ስለሚደክም መሣሪያው ልቡ ራሱ ሲመታ ላይሰማው ይችላል። አደገኛ የልብ ምትን በኀይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰብረው ዲፊብሪሌተር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የሰፋውን ንድፍ አንዱን ምት ሁለት ብሎ ከቈጠረ፣ 80 ምት ለእሱ 160 ነው፤ ሰውየው በነቃበት፣ ምንም ባልሆነበት ሰዓት ደረቱን በኤሌክትሪክ ይመታዋል። ፖታሲየም ሲያንስም ችግር አለ። ሽንት በሚያበዛ መድኃኒት ወይም በብርቱ ተቅማጥ ከሰውነት ሲያልቅ፣ በተለይም ማግኒዥየም አብሮ ሲጐድል፣ ልቡ ራሱ ይበጠበጣል፤ ዲፊብሪሌተሩም በትክክል እየሠራ ደጋግሞ ይመታል። በሁሉም ጊዜ ግን ሕመምተኛውና ቤተሰቡ የሚሉት አንድ ነው፤ መሣሪያው ተበላሸ።

ይህን ሁሉ ያነበብሁት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው።

በዚያ ሌሊት የቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲዘጋጅ፣ አንዲት ወጣት ሐኪም የአዛውንቱን ልጅ አባቱ የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸው መቼ እንደ ሆነ ጠየቀችው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ወንድማቸው ገጠር ሞቶባቸው ለለቅሶ ሄደው ስለ ነበር ሁለቱንም ቀን አልፈዋቸዋል። የደም ምርመራው ውጤት መጣ፤ ፖታሲየም 8.3። ሐኪሟ ካልሲየም ግሉኮኔት አሥር ሚሊሊትር በደም ሥራቸው ቀስ አድርጋ ሰጠች። ካልሲየም ፖታሲየሙን ከሰውነት አያስወጣም፤ ጕልበቱም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢቈይ ነው፤ ብቻ የልብን መቀስቀስ ለጊዜው ይመልሳል። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ነበር። በሦስተኛው ደቂቃ ገደማ ከምስማሮቹ በኋላ ሰፋ ያሉ ምቶች ብቅ ብቅ አሉ፤ በአምስተኛው ደቂቃ ምስማሩ ሁሉ የራሱ ምት ነበረው። ወዲያው ፖታሲየሙን ከደም ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ተሰጣቸው፤ ቀጥሎም ወደ እጥበቱ ክፍል ተወሰዱ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል መብራት ጠፋ።

አዛውንቱን ሽቦ ለማስለወጥ ደረታቸውን ሊያስከፍት የነበረው አስተያየት የእኔ እንደ ነበር ለራሳቸው ነግሬአቸዋለሁ። እሳቸው ግን ስለ ሽቦው ብዙም አላሳሰባቸውም፤ ለቅሶውን ሳይጨርሱ መምጣታቸው ነበር የሚቈጫቸው።

በማግሥቱ መሣሪያውን ደግመን ስንለካ ፖታሲየማቸው 4.8 ሲሆን፣ ልባቸውን ለማስነሣት 0.75 ቮልት በቃ። ሽቦው፣ ባትሪው፣ የሽቦው ጫፍ፣ አንዱም አልተነካም። በጥገና መዝገቡ ላይ የብልሽቱ ምክንያት በሚለው ሣጥን ውስጥ ምን እንደምሞላ ጥቂት አሰብሁና፣ የደም ፖታሲየም ብዬ ጻፍሁ። ቅጹ ከሁለት ቀን በኋላ የመለዋወጫው ቍጥር አልተሞላም ተብሎ ተመለሰልኝ።